የአው ሙሜ ግድግዳ

«ደግሞ ጠፋች» አለችኝ ሰልዋ ደውላ፣
«ሲመሽ ነው የምትከፋው፣ ቀኑን ደህና ውላ።»
ከሳቢያን ተነሣሁ ቦርሳዬን አንግቼ፣
የድሬን ወበቅ ደንገጎ ላይ ትቼ፣
ሐረር ገባሁ በብርድ፣ ሹራቤን ረስቼ።

አው ሙሜ ነደባው ላይ፣ በከፍታው ቦታቸው፣
ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት አልፏቸው፤
ከራሳቸው በላይ፣ በግድግዳው ጉያ፣
ጣሳ የምታህል ያቺ ድምፅ ማጉያ፣
ሰልዋ የገዛቻት ከታይዋን ገበያ።
ዜና ታነባለች፣ ሰዓት ትናገራለች፣
ገና ሦስት ሰዓት ሲል «ዘጠኝ ነው» ትላለች፤
«ምስኪን» ይላሉ አው ሙሜ፣ «ምን ታድርግ፣ ፈረንጅ ናት፣
ቀኗን የምትጀምር በእኩለ ሌሊት።»

ሥራዬን ጀመርኩኝ። ራውተሩን አጠፋሁት፣
እስከ መቶ ቆጥሬ መልሼ አበራሁት።
የይለፍ ቃል ቀየርኩ፤ ቻናሉን አወረድኩ፤
ከስፒከሯ ሆድ ሥር ቀዳዳዋን ፈልጌ በመርፌ ተጫንኩ፤
እንደ አራስ ልጅ ስም በአዲስ አወጣሁላት፣
የሰፈሩን ዋይፋይ ሁሉ አንድ በአንድ ጠራሁላት።

ስልኬን እንደ ፋኖስ ይዤ ግቢውን ዞርኩት፦
ከውጭ በር አራት መስመር፣ ግቢው መሀል ሦስት፣
ደፉን ስሻገር ሁለት፣
ነደባው ሥር አንዲት፣
እሷንም ሞት አፋፍ ላይ፣ ብልጭ ድርግም ስትል አየኋት።

«ግድግዳው ነው» አልኩኝ፣ በክንዴ ለክቼ፤
ክንድ ከስንዝር ድንጋይ። ድሪሌን አውጥቼ
«እዚህ ጋ ብንበሳው፣ ሽቦ ብናሾልክ...»
«እጅህን ሰብስብ!» አሉኝ፣ «ወግድ፣ እንዳትነካ!
ግድግዳም ጆሮ አለው ይባል የለም? ለካ
አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው አውቀውት
ሆን ብለው፣ ለነገ፣ ደንቆሮ አድርገው ሠሩት፤
ባል ከሚስት ቢጣላ፣ ሰው ሰውን ቢያማ፣
ጎረቤት እንዳይሰማ።
ሰልዋ መጣችና ጆሮ ሰካችበት፣
አንተ ደግሞ መጥተህ ‹አልሰማ አለ› ብለህ ልትፈርድበት!»

ሣቅኩኝ። ድሪሉ ገባ። አሥራ አምስት ሜትር ሽቦ
በግቢው ጥግ ዞሮ፣ መስኮቱን ከብቦ፣
ከበሩ በላይ ካለው አግዳሚ ላይ ዋለ፤
ላላገባች ልጅ ምንጣፍ በሚጠቀለልበት
ራውተሩ ተንጠለጠለ።
«እንግዲህ» አለች ሰልዋ፣ «ሽማግሌ ቢመጣ
የሚጠየቀው እሱ ነው፤ እኔ ከወረፋው ልውጣ።»

መስመሩ አራት ሆነ። እኔ ግን አላመንኩ፤
መዝገቡን በስልኬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ፦
አሥራ አንድ ሌሊት ሙሉ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ መጥፋት፣
ለንጋት ሶላት አካባቢ ደግሞ መብራት።
ብልሽት እንዲህ ሰዓት አያከብርም።
ሚኒባስ አመለጠኝ፤ «እደር» አሉኝ፤ እምቢ አላልኩም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሰልዋ ወደ ቤቷ ሄዳለች፤
ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት እጅ ግድግዳውን ትዳብሳለች፤
ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣
ትነቅላለች።
ሰማያዊዋ መብራት ጠፋች።

ጥቂት ጠበቁ፣
እንግዳ ከቤት እስኪወጣ እንደሚጠብቅ ሰው፤
ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦

«ረምላ፣ ዛሬ ከድሬ አንድ ልጅ መጥቶ
ቤትሽን ሊበሳው ነበር ድሪል አውጥቶ፤
ከለከልኩት። ሽንኩርት አሁንም ጨምሯል ይላሉ፤
የነአፈንዲ ድመት ወለደች፣ ሦስት፣ ዓይናቸውን ገና አልገለጡም አሉ።
ሰልዋ ትሥቃለች፤ ሣቋ ግን ቀጥኗል፣
እንዳንቺው፣ ነገር ስትደብቅ ድምጿ ያሳብቃል።»

ረምላን አልጠየቅኩም ማን እንደሆነች፤
ነደባው ላይ በቀኝ አንዲት ትራስ ነበረች፣
ቀኑን ሙሉ ማንም ያልተደገፋት፣
እኔም ሳላውቅ የዞርኳት።

ጧት ሰኳት። «ሰባት» አለች። «አንድ» አሉ፣ አርመዋት።
ደረሰኙን ለሰልዋ፣ «ብልሽት» ከሚለው ፊት ጻፍኩላት፦
የግድግዳ ውፍረት።
«መፍትሔውስ?» አለችኝ። ክዳኑን መለስኩ በእስክሪብቶው ጫፍ፤
«ዕቃዋ ደህና ናት» አልኩ፣ «ማታ ማታ ትረፍ።»